የአደባባዩ ካሜራ

በኮሮናው ሎክዳውን ወራት፣ ከአገሬ ርቄ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ተቀምጬ፣ ረግጫት የማላውቃትን የጀርመን ከተማ ሳይ ነበር የምውለው። የልብስ ሱቄ ተዘግቷል፤ ውጪ ፖሊስ አለ። ታናሽ እህቴ እዚያች ከተማ አረጋውያን ትንከባከባለች። ማዘጋጃ ቤቱ አደባባዩ ላይ የሰቀለው ካሜራ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። አንድ ቤተክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ፤ ከዚያ ወዲያ የጥድ ጫካ ነው። ይቺንም ከተማ ብለው ካሜራ ሰቀሉላት!

«አንተ ዱርንፎንቴን፣ እኔ ዱር» ትለኝ ነበር እህቴ በስልክ። «ሁለታችንም ዱርዬ ሆነን ቀረን።»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ ፎቶው እስኪነሳ ካሜራው ፊት ቆማ እጇን ታነሳልኛለች። ቀይ ኮቷን ካላየሁ ሻይ አይወርድልኝም።

አንድ ማክሰኞ ቀረች። በዋዜማው «ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» ብላኝ ነበር። ስልኳ አይጠራም። ረቡዕም የለችም። መሥሪያ ቤቷ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት በጀርመንኛ ስታወራ እኔ የእህቴን ስም ስደጋግም ተዘጋብኝ። እናቴ ከሆሳዕና ደውላ «እህትህ ምነው ድምጿ ጠፋ?» አለችኝ። «ሥራ በዝቶባት ነው» ብዬ ዋሸኋት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በየአምስት ደቂቃው ፌርማታውን፣ ጥዱን፣ ባዶውን አደባባይ አያለሁ። ከተማዋን ጠላኋት። እኔ እዚህ ሳስል እንኳ ጎረቤቴ ግድግዳ ይደበድባል፤ እዚያ ጫካ ሥር ሰው ቢሞት ማን ይሰማል?

አርብ ጠዋት አንዲት አሮጊት ካሜራው ፊት ቆመዋል። እህቴ እየሳቀች በነገረችኝ አረንጓዴ ባርኔጣቸው ለየኋቸው፤ «ቆሻሻውን በየዓይነቱ አልለየሽም» እያሉ እህቴን የሚያማርሯት አከራይዋ ናቸው። በሁለት እጃቸው ትልቅ ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘዋል። ምስሉን አጎላሁት። ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠፋኝ። በሚቀጥለውም ፎቶ እዚያው ናቸው፤ በሦስተኛውም። መርዶ ይሆን?

ከዚያ ገባኝ። ሴትዮዋ ፊደላችንን ከየት ያውቁታል? ዘቅዝቀው ነው የያዙት። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በወዲያኛው በኩል ዞሬ ቆምኩ። የእህቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ስልኬ ከነቁጥሮቹ ተሰበረ። አሞኛል፤ ግን አለሁ።»

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።