ጨረር ስንቆጥር

ባለፈው ሳምንት ወደ ነፋስ መውጫ ስሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ገሳይ ላይ ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪቀይር ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። የገሳይ ብርድ ለአሮጊት አይራራም፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ሳለ አባ ይርሳው ትዝ አሉኝ።

እሳቸውን ያወቅሁ ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር መቁጠር ነበር። ይህ ጨረር በዓይን አይታይም፤ ጣራም ሰውም ሰንጥቆ ያልፋል። ምድር ራሷ ማግኔት ስለሆነች መንገዱን ታጣምመዋለች፤ በዚህም ከምዕራብ የሚመጣው ከምሥራቁ በጥቂቱ ይበልጣል። ይህን ልዩነት በገዛ እጄ ለክቼ ካላሳየሁ ምርቃት የለም። መሣሪያው ቁና የሚያህል ሳጥን ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ዘንበል አድርገው ሲያቆሙት ከዚያ ወገን የሚመጣውን ብቻ ይቆጥራል። የተሰጠኝ ለአምስት ቀን ነበር።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጨረሩ ስለሚበዛ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ወጣሁ። ያሳረፉኝ አባ ይርሳው ናቸው፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዝምታ የሚወዱ ገበሬ። ወሩ ጥር ነው፤ ገብስ ይወቃል። ሳጥኑን ግቢው መካከል ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ አቆመዋለሁ። ቁጥሩ እስኪጠራቀም አውድማ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር ገብስ አነፍሳለሁ። ከፀጉሬ ገለባ እያራገፍኩ ስመለስ አባ በሶ በጥብጠው ይጠብቁኛል።

ሦስት ቀን ቆጠርኩ። በጠዋቱና በከሰዓቱ ቁጥር መካከል ልዩነት ጠፋ። እናቴ እኔን ለማስተማር ያየችው አበሳ ትዝ እያለኝ ተደብቄ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሳጥኑን ወደ ምዕራብ አቁሜ ወጣሁና ሰፌድ ረስቼ ተመለስኩ። አባ ይርሳው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳጥኑን ቀስ ብለው ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ።

«አባ፣ አንቱ ነዎት የሚያዞሩት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ከሰማይ የሚወርድ ነገር እየጠበቅሽ ለምሥራቅ ጀርባ ሰጥተሽ ምን ታገኛለሽ? እንዳልነግርሽ ደግሞ እንግዳ ነሽ። እንዳታፍሪ ብዬ፣ ስትመጪ ሳይ እንደነበረ እመልሰዋለሁ።»

ልቆጣ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። ለካ ሳጥኑን ባዞሩ ቁጥር አጠገቡ ቆመው ይጸልዩልኝ ኖሯል። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሳጥኑን ወደ ምዕራብ መለሱና፣

«ከምዕራብም ይሰጣል በይኛ» አሉ። «እንግዲህ ዶሮም አይነካው።»

የቀረውን ሁለት ቀን ውቂያቸውን ለጎረቤት ትተው፣ በትራቸውን ይዘው ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ቁጥሮቹን ሳስተያይ የምዕራቡ በለጠ። አባ እሰይ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ኮሌጅ ስመለስ መምህሬ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቁጥር ለምን እንደተበላሸ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዘኝ። እውነቱን ብጽፍ ክፍል ውስጥ ተነቦ በአባ ይርሳው እንደሚሳቅ አውቃለሁ። «ነፋስ አዞረው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬም አመነኝ፤ ገሳይ መቼ ነፋስ አጥቶ።

ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፊዚክስ አስተማርኩ። ስህተታችሁን አትደብቁ እያልኩ ተማሪ የቀጣሁት እኔው ነኝ። አባ ይርሳው ካረፉ ቆይተዋል። እወዳቸው ነበር፤ አልነገርኳቸውም። አሁን ማንም ቢስቅ አይሰሙትምና ጽሑፌን ላርም፦ ሳጥኑን ያዞረው ነፋስ አይደለም፤ ባዶ እጄን እንዳልመለስ የተጨነቀልኝ ሰው ነው።