ወንዙ ድንበር የሆነ ጊዜ

ግንድ ሰንጣቂው በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። ከክምሩ የተንከባለለ ግንድ እግሩን ሲጫነው የሥራ ጓደኞቹ ሌላውም ሊወርድ ነው ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ። አንድ ቀጭን ልጅ ብቻ ቀረ። አጣና ከሥር አስገብቶ ግንዱን እያነሣ፣ "አትጩህ፣ አደነቆርከኝ!" ይለው ነበር።

ልጁ ከወንዙ ማዶ የመጣ ስለሆነ "ማዶ" ይሉታል፤ ለቀልድ እንጂ ለክፋት አልነበረም። የሰንጣቂው እግር ሲድን ሁለቱ በአንድ ረጅም መጋዝ ተጣመሩ። በዚህ ሥራ ሁለቱም በየተራ ይስባሉ እንጂ አንዱም አይገፋም፤ ከገፋ መጋዙ ይጎብጣል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠሩ።

ወንዙ ከጥንት ጀምሮ ውሃ ነበር። በአንድ ሰሞን ግን ድንበር ነው ተባለ፤ በእንጨት መሰንጠቂያው ግቢም "ወገን ከወገኑ ጋር ይሥራ" የሚል ነገር ተነሣ። አንድ ጠዋት አለቃው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣

"ከማዶ ሰው ጋር እሠራለሁ የሚል አለ?" ሲል ጠየቀ።

ሁሉም ወደ ሰንጣቂው ዞሩ። የአጎቱ ልጅ በክርኑ ጎሸም አደረገውና፣ "ስትሞት ማን ሊቀብርህ ነው? ማዶ?" አለው።

ማዶ መጋዙን ግንዱ ላይ አጋድሞ፣ የራሱን እጀታ ይዞ ይጠብቅ ነበር። "ና እንጂ ወንድሜ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ" አለ እንደ ወትሮው።

 ሰንጣቂው ከወገኖቹ መካከል አልተነቃነቀም። ማዶ እስከ ቀትር ጠበቀ። ከዚያ መጋዙን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በቦታው ሰቀለና ሄደ። ተመልሶ አልታየም።

ዓመት ሳይሞላ እነዚያው ወገኖቹ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባብለው ሆድና ጀርባ ሆኑ። "አንተስ የማን ነህ?" አሉት። እናቱ ከላይ፣ አባቱ ከታች ነበሩና ሁለቱም ሰፈሮች "የነዚያ ነው" ብለው ተዉት። የአጎቱ ልጅ እንኳ ሰላምታ ነሳው።

አሁን ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ እጅ በሚያዝ መጋዝ በርጩማ ይሠራል። ሲያስነጥሰው የሚመርቀው ስለሌለ ራሱን "ይማርህ" ይላል።

በቅርቡ በርጩማ ልትገዛ የመጣች አስተማሪ፣ "አባባ፣ ተማሪዎቼን ስለ ወገን ላስተምር ነው። እርስዎን በዕድሜዎ ከሁሉ የከበደዎ ምንድን ነው?" አለችው።

መጋዙን አስቀመጠ።

"ልጄ፣ ወገኔን ዛሬም እወዳለሁ፤ ክፉ ሲናገሩበት ደስ አይለኝም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዐሥር እርምጃ ነው። ያን ጠዋት ከእኔ እስከ ማዶ ከዚያ አይበልጥም ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ። ብራመድም መሰደቤ አይቀርም ነበር፤ ግን ሁለት ሆነን እንሰደብ ነበር።"