ድምፅ መቀነሻዋ

ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ አሮጌ ሪሞት እጄ ገባ። ክዳኑ ድሮ ጠፍቶ ባትሪው በነጭ ፕላስተር ታስሯል፤ ፕላስተሩም ጠቁሮ ጠርዙ ተልጧል። ቁልፎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ድምፅ መጨመሪያዋማ ዛሬ ከካርቶን የወጣች ነው የምትመስለው። ድምፅ መቀነሻዋ ብቻ ምልክቷ ጠፍቶ፣ ላስቲኳ አልቆ ጎድጉዳለች፤ አውራ ጣቴን ባስቀምጥባት ልክክ ብሎ ገባ። አሸተትኩት። የበግ ጠጉር ሸተተኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ ምናልባት እንዲሸተኝ ፈልጌ ይሆናል። ባለቤቴ አይቶኝ «ቴሌቪዥኑ ሳይኖር ሪሞቱ ምን ያደርግልሻል? ጣይው እንጂ» አለኝ። እኔ እንኳን ዕቃ ማጠራቀም የምወድ ሰው አይደለሁም። ግን መልሼ አስቀመጥኩት።

የአክስቴ ነው። ከአረብ አገር የተመለሰችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል ነበር። የእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ስለሚያልቅ አባቴ ስንቄን በአህያ ጭኖ ዘመሮ ከተማ እሷ ዘንድ አስገባኝ። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዲሽ ነው። ሰው ሁሉ ቤት ትሠራለች፣ ሱቅ ትከፍታለች ሲል እሷ አንዲት ክፍል ተከራይታ ግቢው ውስጥ ዲሹን ተከለች። ስለዚያ አገር ሲጠይቋት «ሙቀቱ ነው እንጂ ደህና ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አይወጣትም። አንድ አመል ግን ይዛ መጥታለች። ቁጭ ብላ አትበላም። በር ጥግ ቆማ ቶሎ ቶሎ ጎርሳ እጇን ትታጠባለች። «እትዬ፣ አረፍ በይ እንጂ» ስላት «ለምዶብኝ ነው» ትለኛለች።

የመንዝ ንፋስ ደግሞ ዲሽ አይወድም። እግሩ ላይ የቱንም ያህል ድንጋይ ብንቆልልበት ከሰዓት ሲነፍስ ዘወር ይላል፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ እኔም ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ጠቅልዬ እወጣለሁ። «መጣ?» እላለሁ ከውጭ። «አልመጣም!» ይሉኛል ጎረቤቶቹ ከውስጥ። «አሁንስ?» «መጥቶ ነበር፣ ሄደ! መልሺው!» ጣቶቼ ብረቱ ላይ እስኪደነዝዙ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እላለሁ። «መጣ! በቃ፣ እንዳትነኪው!» ሲሉ ትንፋሼን ይዤ ነው እጄን የማነሳው። ዛሬም ኃይለኛ ንፋስ ስሰማ ያ «መጣ?» ይመጣብኛል።

ከምሳ በኋላ ጎረቤቶቻችን እንዝርትና የተባዘተ የበግ ጠጉር ይዘው ይመጣሉ። በሩ ለንፋሱ ይዘጋል፤ ክፍሏ በቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃንና በጠጉሩ ቅባት ሽታ ትሞላለች። ያኔ አማርኛ የሚያወራው ያው የመንግሥት ጣቢያ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከስብሰባ አይወጣም። እኛ የምናየው አንድ የአረብ ጣቢያ ላይ የሚመጣ ተከታታይ ድራማ ነው። አረብኛ የምትችለው አክስቴ ብቻ ናት። ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደቆመች ሪሞቱን ታነሳና ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ታደርገዋለች። ሰዎቹ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ይቀራል። ከዚያ እሷ ትናገርላቸዋለች። ስለ ራሷ አንድ ቃል የሚከብዳት ሴትዮ ለባልየው ቁጣ፣ ለሚስትየው ቅብጠት፣ ለሽማግሌው ጎርናና ድምፅ ሰጥታ ስታወራ ሌላ ሰው ትሆናለች። ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት የሚወራው የእሷ አማርኛ ነበር። እዚያ ከተማ ውስጥ ያላት ክብር ይኸው ነው፤ ሌላ ያተረፈችው ነገር አልነበረም።

ድራማው ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ነበረች፣ ከገጠር መጥታ ሀብታም ቤት የገባች ቀጭን ልጅ። ባለቤቶቹ የራሳቸው ብዙ ጣጣ ነበረባቸው፤ የእኛዎቹ ግን ከሁሉ እሷን ወደዱ። በተለይ እማሆይ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ ጎረቤታችን ናቸው። «መነኩሲት ምን ቴሌቪዥን ያሳያታል?» እያሉ ራሳቸውን ይገስጻሉ፤ ተገስጸውም ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሲገቡ «እንደምን ዋላችሁ» እንኳን ሳይሉ «ያቺ ልጅ አገሯ ገባች?» ይላሉ።

«ገና ነው እማሆይ» ትላቸዋለች አክስቴ።

«ኧረ እመቤቴ! አንጀቴን በላችው እኮ።»

በመጨረሻ «በሰላም አገሯ ካስገባሻት ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ለማርያም ተሳሉላት። የፊልም ሰው መሆኗን ብንነግራቸው «የፊልም ሰው እናት የላትም?» አሉን።

አንድ ቀን ልጅቷ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ከግቢው ወጣች። «ደሞዟን ሰጥተው አሰናበቷት። ‹እናቴ ናፍቃኛለች› እያለች ነው» አለች አክስቴ። ሰንበትበት ብሎ ደግሞ ስልክ ተደወለና ቤተሰቡ በሙሉ ተቃቅፎ አለቀሰ። «ምነው? ምን ሆኑ?» አሉ እማሆይ። አክስቴ ድምፅ መቀነሻዋን እንደገና ተጫነችና «አገሯ መግባቷን ሰምተው ነው። የደስታ ነው» አለች። እማሆይ ብድግ ብለው እልል አሉ። የከረመ የበርኖስ ፈትላቸውን ለሸማኔው ሸጠው፣ ባለ ዘርፍ ቀይ ጃንጥላ ገዝተው፣ እኔ ተሸክሜላቸው ስለታቸውን አስገቡ። የአዲሱ ጨርቅ ሽታ ከጠዋቱ ጉም ጋር ተቀላቅሎ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

በዓመቱ ቴሌቪዥን አማርኛ ለመደ። አዳዲስ ጣቢያዎች እያከታተሉ ብቅ ይሉ ጀመር፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ የውጭ ድራማ በአማርኛ የሚያናግር ነው ተባለ። ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። ዲሽ አስተካካዩ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል። መምህሮቻችን «ትምህርታችሁን በላባችሁ» ይሉናል፤ ቄሱ «ባህላችን ጠፋ» ይላሉ፤ ሳይሰነብት በቄሱም ግቢ ዲሽ ተተከለ። እኛ ቤት ግን አክስቴ «ያለን ይበቃናል» ብላ አስተካካዩን ከበር መለሰችው። እንደገናም መጣ፣ እንደገናም መለሰችው። ቆጥባ መስሎኝ ነበር።

የባለ ሱቁ ሚስት፣ ምላሷ የማይቻለው ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን አስተካካዩን እየጎተተች አስገባችው። ያው የእኛ ድራማ ከመጀመሪያው በአማርኛ ሊተላለፍ ነዋ! ሰውየው ዲሹን አዞረ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ የጨመረችውም እሷው ናት።

መጀመሪያ የሳቅነው ሳቅ! እነዚያ ሰዎች «በናትህ» ሲባባሉ እንዝርት ከእጃችን እየወደቀ ሳቅን። ግን ባልየው አክስቴ ካለችው ሌላ ይናገራል። ሽማግሌው አባት ናቸው ስንል አጎት ሆነው ተገኙ። ሴቶቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ተሳሳተ ያሉት ቴሌቪዥኑን ነው። «እነዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ምን ያውቃሉ! እሷ እኮ ኖራበት ነው» ይላሉ። ከሳምንታት በኋላ የሠራተኛዋ ነገር ሲመጣ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። እመቤቲቱ «ወዴት ልትሄጂ? ማን አለሽ?» ስትላት ሰማን። በር ሲቆለፍባት አየን። ያን ቀን በቦርሳ የወጣችው ተሰናብታ ሳይሆን አምልጣ ነበር። አክስቴ በር ጥግ ቆማ ደረቅ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

ከዚያ አንድ ቀን ያ ስልክ ተደወለ። ባልየው አነሳው። «ልጅቷ መንገድ ዳር ሞታ ተገኘች» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። የባለ ሱቁ ሚስት ወደ አክስቴ ዞረች። «አንቺ! የደስታ ነው አላልሽንም? አረብኛውን ሳትችይው ነው እንዴ ዓመት ሙሉ ስታሞኚን የከረምሽው?»

«እችለዋለሁ» አለች አክስቴ። «አንድም ቃል አላመለጠኝም።»

«ታዲያ?»

እማሆይ ናቸው ቀስ ብለው የተናገሩት። አልተቆጡም፤ እንደ ልጅ ነው ግራ የገባቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ስለቴን አስገብቻለሁ። ልጅቷ ካልገባች ለማን ነው ያስገባሁት?»

«ለኔ ነዋ እማሆይ» አለች። «እኔ ገብቼ የለም እንዴ?»

ያን ያህል ጊዜ አብሬያት ኖሬ፣ ቆማ ስትበላ አይቼ፣ አንድም ቀን ያልገባኝ ነገር በአንዴ ገባኝ። የባለ ሱቁ ሚስት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ምን እንዳገኛት ተናግራ አታውቅም።

ሴቶቹ አልተጣሏትም። ግን ዲሽ በየቤቱ ገባ፤ ሁሉም በራሱ ቴሌቪዥን፣ በራሱ አማርኛ ማየት ጀመረ። ከሰዓት ላይ በራችን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ እኔም «መጣ?» የምለው ሰው አጣሁ። ኮሌጅ ስገባ እማሆይ አረፉ። አክስቴ ያንን ቴሌቪዥን ሸጠችው፤ ገዢው ሪሞት ሲጠይቃት «ተበላሽቷል» አለችው። ባለፈው ዓመት እሷም ስታርፍ ሪሞቱን ከትራሷ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ።

እማሆይ ግን በዚያ በስልኩ ማግስት መጥተው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ድራማ ጀምሯል፤ አንዲት ሴት አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ጥርት ባለ አማርኛ ታወራለች። የእማሆይ ጆሮ ከእኔ ይሻላል። ጥቂት አዳመጡና ፊታቸውን ወደ አክስቴ መለሱ።

«ቀነስ አድርጊልኝማ ልጄ» አሉ። «ምን ትላለች?»

አክስቴ ሪሞቱን አነሳች። የሴትዮዋ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ መጥታ መደቡ ላይ፣ እማሆይ አጠገብ፣ ቁጭ አለች።

«‹እናቴ ቤት ገባሁ› ትላለች» አለቻቸው።