የአብዱልሃፊዝ ስቲከር

የቡታጅራው ባለባጃጅ አብዱልሃፊዝ ግሩቭ ሜታል የሚባለው የከባድ ሮክ ሙዚቃ ሰው ነው፤ ተሳፋሪዎቹ «ጥርስ ሲነቀል የተቀዳ» የሚሉትን ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይከፍትባቸዋል። የሚወደው ባንድ አዲስ አልበም ሊያወጣ ነው ሲባል፣ ገና ሳይሰማው የአልበሙን ስም በትልቅ ስቲከር አሳትሞ ባጃጁ ላይ ለጠፈ።

አልበሙ ወጣ። በከተማው ያለችው ሌላዋ የሜታል አፍቃሪ፣ ፋርማሲስቷ ቤዛ፣ «ለስልሷል፤ ይኼማ ሠርግ ላይ ይከፈታል» አለችው።

«አንቺ ደሞ! በስሏል በይ!» ብሎ ደነፋባት፤ የለጠፈውን እንዴት ይካደው?

ከሰዓት እማማ መሕቡባ ገበያ ሊሄዱ ተሳፈሩ። እሳቸው «ይኼን ጋኔን ዝጋልኝ» ሳይሉ ተቀምጠው አያውቁም። ዛሬ ግን አዲሱን አልበም ጥቂት አዳምጠው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ማሻአላህ! ይኼስ ደስ ይላል፤ እስቲ ከፍ አድርገው ልጄ» አሉ።

አብዱልሃፊዝ ገበያ አደረሳቸውና ባጃጁን ጥግ አስይዞ ስቲከሩን በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።