የካርቱሙ የወረቀት ግንብ

ጎረቤቴ ቤቷን ልታስመርግ ጭቃ አስቦክታለች። ጠዋት በደጇ ሳልፍ የረጠበው ጭድ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ሌላው ሰው ጭድ ሲሸተው አውድማ ይታወሰው ይሆናል፤ እኔን ግን ካርቱም መለሰኝ። ሪያድ በሚሉት የባለጠጎች ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምሠራበት በመዳም ቤት፣ ሳሎኑ መስኮት ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ ነበር። ጎኑ በጭድ የታጨቀ ነው። ውሃው ጭዱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ማራገቢያው ነፋሱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቤቱ ሁሉ ዝናብ የመታው ክምር ይሸታል።

ያኔ የካርቱሙ ጦርነት ገና አልመጣም። እኔም ወጣት ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ብል የማይታክተኝ።

መዳም ጃፓናዊት ናት። ባሏ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ማለዳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ልጅ የላቸውም። እሷ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ወረቀት ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትለጥፋለች። ወር አልፎት ሲያልቅ ግንብ ሆነ። ግንብ ስላችሁ የእኛን የጎንደሩን እንዳታስቡ። ይኼ ነጭ ነው፤ ጣራ በጣራ ላይ የተደራረበበት፣ የጣራው ጫፍ ሁሉ ሊበር እንዳለ ወፍ ክንፍ ቀና ያለ። ከሥሩ የድንጋይ ካብ፣ ዙሪያውን የውሃ ቦይ፣ ከግንቡ በታች ደግሞ ዝቅ ያለ ሰፊ ቤት አለ። የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎችም ሠርታለታለች፤ ጌታው፣ ሚስቱና ልጁ።

በካርቱም አቧራ መቼም አንድ ቀን ያልተጠረገ ዕቃ መልኩ ይጠፋል። ማለዳ ማለዳ ሰዎቹን አንስቼ ግንቡን በለስላሳ ብሩሽ እጠርግና መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ። ጌታውን የማስቀምጠው ከላይኛው ጣራ ሥር፣ መስኮቱ ላይ ነው። ጌታ ሌላ የት ይቀመጣል? ጎንደር ተወልጄ ይኼን ላጣው ነው? በማግስቱ ስመጣ ጌታው ታችኛው ቤት ወርዶ አገኘዋለሁ። አንስቼ እሰቅለዋለሁ። ደግሞ ይወርዳል። እሷም አትናገር፣ እኔም አልጠይቅ። የበሩ ዘበኛ፣ ሱዳናዊው ሽማግሌ፣ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ባለ ቁጥር "ያ ሐበሺያ! ንጉሥሽ ዛሬ ፎቅ ነው ወይስ ተሽሯል?" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ጌታውን ልሰቅል ስል መዳም እጄን ያዘችኝ። አረብኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ የእኔም ከዚያ አይሻል፤ ግን ተግባባን።

"ላ፣ ላ! አንቺ ትሾሚዋለሽ፣ እኔ እሽረዋለሁ። ኸላስ፣ ይብቃን" አለችና ሳቀች። "እዚያ ላይ ሰው አይኖርም።"

"ታዲያ ምን አለበት?"

"ሩዝ። ጨው። ጦር።"

"ለሩዝ ብለው ነው ይኼን ያህል ያስረዘሙት?"

"ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ እንዲፈራ ነው።"

"እንግዲያ ሠርቶላቸዋል። እኔ እንኳ የወረቀቱን ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

አፏን በእጇ ሸፍና እስኪያስላት ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ስጠርግ ታወራኝ ጀመር። ግንቡ ያደገችበት ከተማ ግንብ ነው። ያሠራው ጌታ ልጁን ሳያወርስ ተነሳ፣ ከጌቶች ሁሉ በላይ ያለው ትልቁ ጌታ ሌላ ሾመበት፣ ያንንም ሽሮ ሌላ። መብረቅ አቃጠለው፣ መልሰው ሠሩት። በኋላ የጌቶች ዘመን ሲያልፍ ግንቡ ፈርሶ እንጨቱ ተሸጠ። እሷ ልጅ ሳለች የቀረው ካቡ ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ምሳዋን ትበላ ነበር።

እኔ እሰማታለሁ እንጂ ልቤ ሌላ ሰፈር፣ ጀብራ ነው። ጀብራ ልጅ ነበረችኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ። ያስቀጠረኝ ደላላ "ልጅ አለኝ ካልሽ በሩን አታልፊም" ስላለኝ መዳም አታውቅም። አንዲት ያገሬ ሴት ትይዝልኛለች፤ የማያት በዕረፍት ቀኔ፣ ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ሴትየዋ እንዲህ አለችኝ፤ "እንግዲህ እንዳትቀየሚኝ እህቴ። ባሌ ገዳሪፍ ሥራ አግኝቷል፤ ወሩ ሲያልቅ መሄዳችን ነው። ወይ ውሰጃት፣ ወይ አገር ለሚገባ ሰው ስጪና ለእናትሽ ያድርስልሽ።"

ሕፃን ልጅ እንደ ጤፍ ከረጢት ለመንገደኛ ይሰጣል? ሥራውን ብተውስ ምን አበላታለሁ? እናት መሆን መፍራት ነው መሰለኝ። ዛሬ እንኳ፣ ልጄ በቁመት በልጣኝ፣ ትንሽ ካመሸች በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት።

በዚያ ሳምንት ስጠርግ የጌታውን ሚስትና ልጁን ከአጠገቡ ታችኛው ቤት አስቀመጥኳቸው። መዳም ሁለቱንም አንስታ ወስዳ ከሳሎኑ ማዶ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመቻቸው።

"እነሱ እዚያ ናቸው፤ ትልቁ ጌታ ከተማ። ጌታው እንዳይሸፍት ሚስትና ልጁ መያዣ ናቸው። ያሳዝናሉ" አለችኝ።

እኛም አገር ነገሥታቱ የገዛ ልጆቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ ይዘጉባቸው እንደነበር ልነግራት ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

"ምናቸው ያሳዝናል? እናቱ አብራው አለች!"

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። እንባዬን መመለስ አቃተኝ። መዳም መስኮቱ ላይ የቆሙትን ሁለቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ልጅ አለሽ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"የት?"

"ጀብራ።"

ብሩሹን ከወለሉ አንስታ ሰጠችኝ። ማታ ባሏ ሲገባ በሩን ዘግተው በቋንቋቸው ተነጋገሩ። የእሱ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የእሷ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ቃሉ አይገባኝም፤ እኔ ልብሴን ወደ ሻንጣዬ አጣጥፌ ጨርሻለሁ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ጁምዓ ስትመለሺ ይዘሻት ነይ" አለችኝ፣ ሻንጣውን እያየች። "ይኼንን ፍቺው።"

ጁምዓ ለት በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ አመጣኋት። ነፋሱ ፀጉሯን እየበታተነው፣ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨምድዳ። የሠራተኛ ክፍሌ ውስጥ፣ ጠባቧ አልጋዬ ላይ፣ እግሯን ሆዴ ላይ ጭና አደረች። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የራሷን ቅባት እያሸተትኩ ነጋልኝ።

ማለዳ እንዳልቀሰቅሳት ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ሻሼን ሳስር ዓይኗን ገለጠች። አላለቀሰችም። የጀብራዋ ሴት "እናትሽ ስትሄድ ካለቀስሽ ታዝናለች" እያለች አስተምራታለች ለካ። ትንሿን እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና አወዛወዘችልኝ።

"መዓ ሰላማ፣ እማ። ደህና ሁኚ።"

እኔ እኮ የምሄደው ማድቤት ነበር።