ቲቸር ንፋሱን የከለለችልኝ ቀን

የማስቲሽ ሽታ ዛሬም ጅጅጋ ይወስደኛል። ባለፈው ሳምንት ከውድድር በፊት የቡድናችን መካኒክ ጎማ ሲለጥፍ ሸተተኝና ጎማ የምንለጥፍበት የስፖርት መምህሬ ግቢ ትዝ አለኝ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

ቲቸር ነበር የምንላት። ከመሀል አገር ተመድባ ከመምጣቷ በፊት በብስክሌት ለክለብ ትወዳደር ነበር፤ ወድቃ አጥንቷ ሲሰበር ክለቡ አሰናበታት። ብስክሌቷን ግን ይዛ መጣች፤ ለእኔም አንድ አሮጌ ፈልጋ አገኘችልኝ። ጠዋት ጠዋት በደገሀቡር መንገድ እንወጣለን። የጅጅጋ ሜዳ ንፋስ፣ እንዴት ልንገርህ፣ ከነብስክሌትህ ወደ ኋላ ይገፋሃል።

«ከኋላዬ ተጠጊ» ትለኛለች። «ንፋሱን ለእኔ ተዪው።»

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ መጥቶ፣ አወዳድሮ ለክለቡ አንዲት ሴት እንደሚመርጥ ተሰማ። አንዲት ብቻ። ቲቸር የውድድር ጫማዋን አውጥታ በጥርስ ብሩሽ ስትፈትግ አገኘኋት።

«እኔም እሞክራለሁ» አለችኝ። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

ከፋኝ። እንደማልችላት አውቅ ነበር።

በውድድሩ ቀን ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ቀድመን ሁለታችን ብቻ ወጣን። ወደ ከተማው ስንመለስ ንፋሱ አቧራ ይዞ ፊት ለፊት መጣ። ከፊት ሆነች፤ እኔም እንደለመድኩት ተጠጋሁ።

«ልቅደም? ንፋሱን ትንሽ ልያዝልሽ?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ንጂ!» አለች ሳትዞር።

ከብት ገበያው ጋ የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባቸውን እየነፉ «ኦሮድ! ኦሮድ!» አሉን፤ በሶማሊኛ ሩጪ ማለታቸው ነው። መጨረሻው ሲታይ ቲቸር ወደ ዳር ጠጋ አለችና መንገዱን ከፈተችልኝ።

«ሂጂ!»

ሄድኩ። አላመነታሁም። አሠልጣኙ ስሜን ሲጽፍ እሷ ከጎኑ ቆማ የአባቴን ስም አጻጻፍ ታርምለት ነበር።

እዚያው ክለብ ገባሁ፤ ውሎ አድሮም በውጭ አገር ቡድን ተቀጠርኩ። አሁን እንጀራዬ ለቡድናችን መሪ ንፋስ መከለል ነው። ሰው ከኋላ አስጠግቶ ያን ያህል መንገድ መንዳት እግርን እንዴት እንደሚጨርስ የገባኝ ይህን ሥራ ስይዝ ነው።

አምና ልጠይቃት ኤረር ሄድኩ፤ ተዛውራ እዚያ ታስተምራለች። ከደጃፏ ተቀምጠን ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ልትቀድሚኝ ትችዪ ነበር፣ አይደል?»

«እግሬ አልቆ ነበር እኮ» አለችና ሳቀች።

አላመንኳትም። ደግሜ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሌላ ብርቱካን አነሳችና፣ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።