መምህርቷ አደራ ያሉኝ ካርቶን

ሳይኮሎጂ የሚባለው ትምህርት ወደ ትምህርት ቤታችን የገባው ቀጠን ካሉ አንዲት መምህርት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ከታጨቀ ጠመኔ እና ከአንድ ጥቁር ጃንጥላ ጋር ነው። ከዚያ በፊት በግቢው ውስጥ ስለዚህ ትምህርት በቅጡ የሰማ ሰው አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የእብዶች ትምህርት» እያሉ ቀለዱበት። ቀልድ የማያልቅበት የሒሳብ መምህር ገና በመጀመሪያው ቀን ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ፣ ፊቱን አይተው ሐሳቡን እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ትክ ብለው አዩትና «የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በቀረልኝ እያልክ ነው» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን ያንብቡልኝ ያላቸው የለም።

እኔ የማባዣ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መምህራኑ ፈተናውን ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ ጽፈው ያመጡልኛል፤ እኔ ቀለም ቀብቼ፣ መዘውሩን አዙሬ፣ ለየክፍሉ ቆጥሬና አስሬ በብረት ቁምሳጥን እቆልፍበታለሁ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ፈተና ከእጄ ሾልኮ አያውቅም። ስለዚህም «ካዝናው» ይሉኝ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ለብዙ ጊዜ «ማንበብ ስለማይችል እኮ ነው» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖሮ፣ ማንበብ ከቻልኩ በኋላም አንድም ነገር እንዳልሾለከ ሲያይ ቀልዱን ተወው።

ማንበብ የጀመርኩት አርባ ስድስት ዓመቴን ከደፈንኩ በኋላ ነው። ተማሪ ቤት ገብቼ አይደለም። ከሥራ ስወጣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቅ እቀመጥ ነበር። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጁ ባንኮኒው ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ከአሮጌ ደብተሯ እየቀዳሁ ፊደል ለየሁ። ስሳሳት በእርሳሷ ጫፍ እጄን ነካ ታደርግና «ጋሼ፣ የዚችን እግር አሳጥሯት» ትለኝ ነበር። የእኔ ጽሕፈት እስከ ዛሬ የእሷን ይመስላል።

ለመምህርቷ የተሰጣቸው ክፍል ቀድሞ የኬሚስትሪ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረው፣ ከእኔ ክፍል በስስ ጣውላ ብቻ የተለየው ነው። የበሩ ቁልፍ ከተበላሸ ዓመታት አልፈውታል። ትምህርታቸው በጣውላው አልፎ ይሰማኝ ነበር። ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም፤ ተማሪ አንድ ነገር ሲል «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። አንዱ ፊዚክስ እንደሚጠላ ተናገረ። «እሺ፣ ከዚያስ?» ቀስ በቀስ ከልጁ አፍ የወጣው፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ሰሌዳ ፊት ወጥቶ ሲሳሳት ክፍሉ እንደሳቀበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊዚክስ ሲባል ሆዱን ይቆርጠዋል። ያኔ ጠመኔያቸውን አንስተው የዕለቱን ትምህርት ርእስ ይጽፋሉ። ተማሪዎቹም «ከዚያስ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ያውቁታል፤ ቅር አላላቸውም።

አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው «ጋሼ፣ ማሽንዎ ትምህርቱ ሲጥም ይቆማል» አሉኝ። አፈርኩ። ጆሮዬን ወደ ጣውላው ቀስሬ መዘውሩን ረስቼው እንደምቆይ አስተውለዋል ለካ። «ከሚደበቁ ገብተው ይቀመጡ እንጂ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲቀልልኝ የኋላ ወንበር ላይ እቀመጥ ጀመር። ሰኞ የሠላሳ ዕቃ ስም አስጠንተው ዓርብ ሲጠይቁን እኔ አሥራ ሁለቱን አስታወስኩ፤ ከግማሹ ተማሪ በለጥኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ አረማመዴ ራሱ ሌላ ነበር። ለማንም ባልናገርም፣ የተማረ ሰው መስዬ ለራሴ ታየሁ። ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ይመስለኛል።

ስለ ፍርሃት ማስተማር በጀመሩበት ሳምንት ከእኔ የተበላሸ ወረቀት ጠየቁ፤ አንድ ፊቱ ባዶ የሆነ። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አደሉና፣ ስማቸውን ሳይጽፉ የሚያስፈራቸውን ነገር ጽፈው አጥፈው ካርቶን ውስጥ እንዲከቱ አዘዙ። «ከእኔ በቀር አንድም ዓይን አያየውም። አንብቤ ስጨርስ እቀደዋለሁ» ብለው ቃል ገቡላቸው። ልጆቹ አመኗቸው። ካርቶኑ ሲሞላ በክር አስረው ወደ እኔ ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ የእኔ በር አይቆለፍም። እስከ ሰኞ ከእርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ» አሉ። ከፈተናዎቹ ጋር ቆለፍኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረ ሥራ ነበረብኝና ገባሁ። ግቢው ጭር ብሏል። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ካርቶኑን አየሁት። ፈተና ቢሆን እጄን አላነሳበትም ነበር፤ ይህ ግን ትምህርት ነው፣ እኔም ተማሪ ነኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ክሩን ፈታሁ። አንዷ እናቷ ስታስል መስማት እንደሚያስፈራት ጽፋለች። አንዱ ውሻ ነው ያለው፤ ሌላው ደግሞ አጭር ሆኖ መቅረት። ስድስተኛውን ወይም ሰባተኛውን ስዘረጋ ጽሕፈቱ የራሴ መሰለኝና ደነገጥኩ። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰችው የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች።

«አባቴ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል» ይላል። «ደም ሳይ እወድቃለሁ፤ እሱ አያውቅም። ፈተና ላይ መልሱን እያወቅሁት ባዶ እተወዋለሁ። ውጤቴ ዝቅ ካለ ሐኪም ሁኚ አይለኝም። የሚያስፈራኝ አውቄ መሆኑን የደረሰበት ቀን ነው።»

ልብስ ሰፊው ለልጁ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ነጭ የሐኪም ካፖርት ሰፍቶላት፣ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ለደንበኛው ሁሉ ያሳይ ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩ። ሁሉንም እንደነበረው መልሼ ካርቶኑን አሰርኩና ቆለፍኩ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ተናዷል። የልጁ ውጤት ማሽቆልቆሉን ነግሮኝ፣ ጥፋተኛዋ ይህች አዲስ የመጣች የሳይኮሎጂ አስተማሪ ናት አለ። የልጆቹን ጭንቅላት በማይረባ ነገር እየሞላች ነው፤ ወላጆችን አስፈርሞ ለርእሰ መምህሩ አቤት ሊል ነው። የአቤቱታውን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። አምስት ሰው ፈርሟል።

ለመምህርቷ ልከራከርላቸው ፈለግሁ። ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበረበት፤ ልብስ ሰፊው ሲያወራ እንደ ድሮው መሐይም ጎረቤቱ አድርጎ ነበር የሚያየኝ። «አንተ ደግሞ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህና» አለኝ። ያቺ ቃል ውስጤ ገባች።

«ልጅህ አልሰነፈችም። መልሱን እያወቀች ነው ባዶ የምትተወው» አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠ። «ማን ነገረህ?»

«ለመምህርቷ ጽፋላቸዋለች። ሐኪም መሆን ትፈራለች። በሳይኮሎጂ ይህ…»

የቀረውን አልሰማኝም። ከአፌ ሲያመልጥ ቃሉን በእጄ ይዤ ብመልሰው ደስ ባለኝ።

ሰኞ ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል ልብስ ሰፊው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። መምህርቷ የነገሩኝ መስሎት፣ የእኔን ስም ሳያነሣ፣ የልጆቹን ምስጢር አስጽፈው ያወራሉ ብሎ ከሰሳቸው። ልጅቷ ተጠራች፤ መምህርቷም ተጠሩ። ካርቶኑን አምጣ ተብዬ ተሸክሜ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የልጅቷ ዓይን አብጧል። አባቷን አላየችም፤ እኔንም አላየችም። መምህርቷን ብቻ አየቻቸው።

«ማንም አያየውም ብለውን ነበር» አለች።

መምህርቷ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ አረፈ። እሳቸው ያሰሩት እንደ ጫማ ክር በላላ ቋጠሮ ነበር። አሁን ክሩ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ መሐሉ ላይ ጠብቋል፤ የፈተና እሽጎቼን ሁሉ እንደማስርበት። እጄ ሃያ አራት ዓመት የለመደውን ነው የሠራው፤ እኔ አላስተዋልኩትም። ክሩን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። መጠበቅም የእኔ ሥራ ነበር» አሉ ለርእሰ መምህሩ።

እኔ ግን ዝም አልኩ። ምላሴ ተሳሰረ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ምላሴ ደህና ነበር። ስሜን ነው የጠበቅሁት።

የሳይኮሎጂው ክፍል ተዘጋ። ትምህርቱን የታሪክ መምህሩ ከመጽሐፍ እያነበበ እንዲሰጥ ተደረገ፤ መምህርቷ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ። ቀድሞ በእረፍት ሰዓት ተማሪ ከበራቸው አይጠፋም ነበር፤ አሁን ልጆቹ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። አንዳንዱማ «ከዚያስ፣ ለማን ነገርሽ?» እያለ ከመስኮቱ ሥር ያፌዛል። እሳቸው የመጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ። ልጅቷን አባቷ ከትምህርት አስቀርቶ ሱቁ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ያስተክላታል፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ከሥራ መልስ እዚያው እቀመጣለሁ። ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ እመጣና፣ ሳልናገር እመለሳለሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለሠራተኞች የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ። ርእሰ መምህሩ ስሜን ጠርቶ፣ በሃያ አራት ዓመት አንድ ምስጢር ያላሾለከ ታማኝ ሠራተኛ ብሎ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ረድፍ መምህርቷም አጨበጨቡ፤ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ። አዎን፣ ተቀበልኩት። ቤቴ ወስጄ ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ሚስማር ሁሉ ፈለግሁ። ሚስማሩን ይዤ ቆምኩና መምታት አቃተኝ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። «መምህርት፣ ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ» አሉ፤ ሙጫቸውን ሳያስቀምጡ።

ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅም ድፍረት ነበረኝ።

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ። መጀመሪያ ያን ዕለት ጠበቅሁ። ከዚያ ሳምንቱን ጠበቅሁ። በኋላ መጠበቁን ተውኩት።» ሙጫውን አሁን አስቀመጡት። «ለእኔ መንገርዎ ምንም አይጠቅምም። ያቺ ልጅ ሸጠችኝ ብላ የምታስበው እኔን ነው። ሁለተኛ ለማንም ሰው የልቧን አትናገርም። ለእሷ ይንገሯት።»

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ አባቷ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁምሳጥኑን፣ ክሩን፣ ጽሕፈቷን እንዴት እንዳወቅሁ፣ ለአባቷ ለምን እንደነገርኩ። መምህርቷ አንድ ቃል ለማንም እንዳልተነፈሱም ነገርኳት። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እዚህ መጥተው ሲቀመጡ» አለች ልጅቷ፣ «በየቀኑ መጥተው ሲቀመጡ፣ እኔ ቁልፍ ስተክል ያዩኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር» አልኩ።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። መርፌውን በመርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰክታ ተነሣችና ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አባቷን ሳታስፈቅድ ወጣች፤ እሱም አልከለከላትም። «አውቃ ነው የተወችው አልከኝ እንጂ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔን ፈርታ ነው አላልከኝም።» እውነቱን ነው። ሳይኮሎጂ አውቃለሁ ባይ ሆኜ ሳለ ዋናው ነገር አምልጦኝ ነበር።

ያደረግሁትን በገዛ ጽሕፈቴ በሁለት ገጽ ጽፌ ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁ። አንብቦ አጠፈው። ወላጆቹ ገና አሁን ጸጥ ማለታቸውን ነገረኝ፤ ነገሩን መቀስቀስ ለማንም አይበጅም፣ እኔም ዕድሜዬን እንዳከብር መከረኝ። ወረቀቱን መለሰልኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ፣ ከፈተና ፕሮግራሙ ጎን ለጠፍኩት። የሒሳብ መምህሩ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና ጠመኔውን ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካዝናው ብሎ የጠራኝ የለም። የቁምሳጥኑንም ቁልፍ ለሌላ ሰው አስረከብኩ።

ልጅቷ በአዲሱ ዓመት ትምህርቷን ቀጠለች፤ ባዶ የምትተወው ጥያቄም እንደሌለ ሰማሁ። ለመምህርቷ ግን ክፍላቸው አልተመለሰላቸውም። ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ የሚያስተምር ይፈልግ ነበርና ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። በሄዱበት ቀን መጻሕፍታቸውን እስከ አውቶቡስ ተሸከምኩላቸው። ልጅቷም ነበረች፤ ሁለቱ ወደፊት እየተራመዱ ሲያወሩ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

መምህርቷ እጄን ጨብጠው «ደህና ይሁኑ ጋሼ» አሉኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላሉም። እኔም እንዲሉኝ አልጠየቅኋቸውም።